ውሻችን ነገ በመርፌ ልታርፍ ነው፤ ለቀብሯና ለማስታወሻዋ ምን እናዘጋጅ?

የቡቺ ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቡቺ 13 ዓመቷ ነው። ኩላሊቷ ስለደከመ ሐኪሙ ነገ ከሰዓት ቤት መጥቶ በመርፌ ሊያሳርፋት ነው። 25 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ግቢያችን አዲስ አበባ ዳር ነው፤ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ማታ ማታ ጅብ ያልፋል። ጉድጓዱ ምን ያህል ይሁን? ኖራ ይነስነስበት? ልጆቹ ደግሞ የእግሯን ቅርጽ በጀሶ ማስቀረት ይፈልጋሉ፤ እንዴት ይሠራል?

የእንስሳት ሐኪም፦
አይዟችሁ። ጉድጓዱን ዛሬውኑ አስቆፍሩ፤ ነገ ልባችሁ ለቁፋሮ አይሆንም። ተጠቅልላ ስለምትተኛ 1 ሜትር ርዝመትና 70 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ20 ይሁን፣ ከላይዋ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር አፈር እንዲኖር። የውኃ ጉድጓድ ካላችሁ ከ30 ሜትር በላይ ራቁ።

ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ጅብ የሚጠራው በስንጥቁ የሚወጣው ሽታ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱን በራሱ አፈር ብቻ አትሙሉት። ግማሽ ላይ ስትደርሱ ትልልቅ ድንጋይ አጠጋግታችሁ ንጠፉ፣ የላይኛውን 30 ሳንቲ ሜትር በገረጋንቲ ሙሉና ጠቅጥቁ። ድንጋይ ከላይ ብቻ መከመር ዋጋ የለውም፣ ጅብ ያንከባልለዋል። አፈሩ ስለሚሰምጥ 20 ሳንቲ ሜትር ጉብታ ይቅር።

ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቁት፦ የሚወጋት ፔንቶባርቢታል ነው ወይ? ከሆነ መድኃኒቱ በሥጋዋ ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ቆፍሮ የበላ ውሻም ሆነ ጥንብ አንሳ ሊሞት ይችላል። ጥልቀቱን አትቀንሱ የምለው ለዚህ ነው።

ኖራ አያስፈልግም። ሽታ ቢቀንስም መፈራረሱን ያዘገያል። በፕላስቲክ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት አትጠቅልሏት፤ አቡጀዲ ወይም አሮጌ አንሶላ ይበቃል።

ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ከሞተች በኋላም ዓይኗ ክፍት ይቀራል፣ ሽንት ያመልጣታል፣ አንዳንዴም ልቧ ከቆመ በኋላ አየር የምትስብ ይመስላል። ሕይወት አለ ማለት አይደለም። ከሥሯ ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ፣ እግሮቿንም ቶሎ እጠፉ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትደርቃለች፣ ከዚያ ጉድጓዱ አይበቃትም።

ጀሶ ሠሪ፦
በመጀመሪያ፦ ጀሶ በእግሯ ላይ በቀጥታ አታፍስሱ፣ ልጆቹም እጃቸውን አይንከሩበት። ሲጠነክር ይግላል፣ ያቃጥላል።

ጥሩው ጊዜ ማደንዘዣው ከያዛት በኋላ፣ ከመጨረሻው መርፌ በፊት ነው። የፊት እግሯን እጠቡ፣ አድርቁ፣ በመዳፏ መካከል ያለውን ጸጉር በመቀስ አሳጥሩ። ጸጉሩ ካልተቆረጠ ቅርጹ ድፍን ሆኖ ይቀራል። የሸክላ ጭቃ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ አለስልሱና እግሯን ቀጥ አድርጋችሁ አንዴ ተጫኑ፤ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይግባ። ወዲያ ወዲህ ካላችሁት ጠርዙ ይበላሻል።

ዙሪያውን በካርቶን አጥሩ። ለ1 ብርጭቆ ውኃ 2 ብርጭቆ ጀሶ ይበቃል። ጀሶውን ወደ ውኃው ነስንሱ እንጂ ውኃውን ወደ ጀሶው አትጨምሩ፣ ይጓጉላል። ለአንድ ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ በቀስታ አማስሉ፤ በኃይል ከመታችሁት አረፋ ይገባበትና ጥፍሯ ላይ ቀዳዳ ይወጣል። ካፈሰሳችሁ በኋላ ጠረጴዛውን ደጋግማችሁ አንኳኩ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ጭቃውን ላጡ። ሲነኩት የማይቀዘቅዝ እስኪሆን ለቀናት ይድረቅ፤ እርጥቡን ቀለም ከቀባችሁት ይላጣል። ክፍቱን የከረመ ጀሶ አትግዙ፣ አይጠነክርም። ትርፉን በእቃ ማጠቢያው አትድፉ፣ ቧንቧ ይዘጋል።

አበበች ማተሚያ፦
ጀሶው ያምራል፣ ግን በዚያ ሰዓት ጭቃና ውኃ ለመያዝ እጅ አይታዘዝም። የማኅተም ቀለምና ወፍራም ወረቀት እንደ መጠባበቂያ ይኑራችሁ። ቀለሙን በስፖንጅ ቀባ ቀባ አድርጉ፤ የመጀመሪያው ስለሚጨማለቅ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ነው የሚያምረው። ወረቀቱን ወደ እግሯ አምጡ እንጂ እግሯን ወደ ወረቀቱ አትጎትቱ።

ከጸጉሯም ትንሽ ቁረጡ፣ በወረቀት ፖስታ ውስጥ አኑሩት። ፕላስቲክ ውስጥ ይታፈናል። ፎቶ ስትልኩልን በቴሌግራም በፋይል መልክ ይሁን፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል። 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ለማሳተም 2400 በ3600 ፒክስል ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ከቪዲዮ የተቆረጠ ምስል ለዚያ መጠን ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል።

የቡቺ ቤት፦
ተባረኩ። ከላይዋ ወይራ ልንተክል ነበር፣ ይሆናል? ትንሿ ውሻችንስ ብታያት ችግር አለው?

የእንስሳት ሐኪም፦
ወይራውን እላይዋ ሳይሆን አንድ ሜትር ፈቀቅ አድርጉት፤ ቀጥታ ከላይዋ ከተተከለ አፈሩ ሲሰምጥ ይዘማል፣ የሚፈርሰው ሥጋም ለጋውን ሥር ያቃጥላል። ሁለተኛዋ ውሻ ብታሸታት ችግር የለውም፣ በእርጅና የሚመጣ የኩላሊት ድካም አይተላለፍም።

ሌሎች አንባቢዎች ግን ይህን አትውሰዱት። ውሻው ባሕርዩ ተለውጦ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ ወይም መንጋጋው ወድቆ ከሞተ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ማንም አይንካው፣ አትቅበሩትም። በአካባቢያችሁ ላለ የእንስሳት ሐኪም ደውሉ፤ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ናሙና ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በተለምዶ ፓስተር በሚባለው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስል የነካው ሰው ቦታውን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ጣቢያ ይሂድ።