ለሆስፒታሉ የምናስገባው ፕሮፖዛል፦ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊ፦ እኛ የኤች.ኤች.ቲ. (የደም ሥሮች ተበላሽተው የሚደሙበት ሕመም) ታማሚዎች የምናስገባው ረቂቅ ይኸው። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። በወር አንድ ቀን የአንገት በላይ፣ የሳንባ፣ የልብና የደም ሐኪሞች ባንድ ላይ እንዲያዩን። ለምርምር የሚሆን የቤተሰብ መዝገብ እንዲከፈት። ለሁላችንም የአረፋ ኢኮ፣ ማለትም አረፋ በደም ሥር ተሰጥቶ የሚሠራ የልብ አልትራሳውንድ፣ እንዲሠራልን። ያምናው ደብዳቤ የት እንደቀረ ስለምታውቁ ዘንድሮ አጭር አድርጌዋለሁ። ርዕሱ "በዘር ለሚተላለፍ የደም ሥር ሕመም የልዩ ሕክምናና የምርምር ጥያቄ" ነው።

የጅሬኗ፦ "በዘር" የሚለው ይውጣ። ሌላው ጥሩ ነው።

ጸሐፊ፦ እትዬ፣ በሽታው እኮ በዘር ነው። እሱን አውጥተን ምን ልንል ነው?

የጅሬኗ፦ ልጄ ሽማግሌ ሊላክላት ነው። ወረቀቱ ከሰው እጅ ከገባ የዘር በሽታ ያለበት ቤት እንባላለን። አንተ ልጅ የለህም፣ አይገባህም።

መምህሩ፦ ይሄን ከደበቅን ምርምሩ ምኑን ይመረምራል? አባት ወይም እናት ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ወንድ ሴት አይልም። ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸው የኩራሳኦ መመዘኛዎች አራት ናቸው፦ ተደጋጋሚ ነስር፣ ከንፈርና ጣት ላይ ቀይ ነጠብጣብ፣ ሳንባ ወይም ጉበት ወይም ጭንቅላት ውስጥ የተበላሸ የደም ሥር፣ አራተኛው ይሄው ሕመም ያለበት የቅርብ ዘመድ። ሦስቱ ከተገኙ በሽታው አለ ይባላል። ዘርን አውጡ ማለት አንዱን መመዘኛ ሰርዙ ማለት ነው።

ባለባጃጁ፦ "የነስር ሕመም" በሉትና ይለቅ። ሰውም ቶሎ ይገባዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ነስር ብለን ከሄድን ቫዝሊን ቀቡ ብለው ይመልሱናል። ወንድሜን የገደለው ነስር አይደለም። በ31 ዓመቱ ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆነ። ሳንባው ውስጥ ያለው የደም ሥር ማጣራቱን ትቶ የረጋ ደም ወደ ጭንቅላቱ አሳለፈ። እስከዚያች ቀን ድረስ ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ "ነስር ነው፣ ያልፋል" ነበር የምንለው። ይሄ ቃል ርዕሱ ላይ ከወጣ እኔ አልፈርምም።

የጅሬኗ፦ እኔም "በዘር" ካለ አልፈርምም።

የአጋሮው፦ አንድ ቃል ይዛችሁ ሁለት ቀን! እኔ ከአጋሮ በሚኒባስ ስመጣ ሁለቴ ነሰረኝ፣ ተሳፋሪው ፌስታል እያቀበለኝ ነው የደረስኩት። አንዱ ክሊኒክ ነስሩን ላቁም ብሎ አፍንጫዬን አራት ጊዜ አቃጥሎ መሃሉን በስቶታል። አሁን ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘህ አዲስ አበባ ታከም ይሉኛል። እኔ ሐኪም ነው የምፈልገው። ይልቅ የኢኮውን ዋጋ ጠይቄ እመጣለሁ ያለው ልጅ የት ገባ?

ገንዘብ ያዥ፦ ስልኩ አይነሳም። ካዝናው ውስጥ 18,400 ብር አለ፣ የሦስት ወር መዋጮ ያልከፈሉ ደግሞ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ነርሷ፦ የአረፋው ኢኮ ከባድ ነገር አይደለም። ጨው ውሃ በሁለት ስሪንጅ መሃል ይናጥና በክንድ ደም ሥር ይሰጣል። ጤነኛ ሳንባ አረፋውን ያስቀረዋል። ከጥቂት የልብ ምት በኋላ አረፋው በልብ ግራ በኩል ብቅ ካለ ሳንባ ውስጥ አቋራጭ መንገድ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጥርስ ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ መውሰድ አለበት፣ አለዚያ ጭንቅላት ውስጥ መግል ሊቋጥር ይችላል። ግሉኮስ ሲተከልለትም አየር እንዳይገባ ይጠበቃል። ይሄን ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል?

መምህሩ፦ ለዚህ እኮ ነው መዝገብ የምለው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የፖማሊዶማይድ ጥናት መድኃኒቱ ነስር እንደሚቀንስ ያሳየው አሜሪካ ባሉ ማዕከላት የሚታወቁ ሕሙማን ስለነበሩ ነው። በዓለም ከ5,000 ሰው አንዱ አለበት ይባላል። ጅማ ውስጥ የምንተዋወቀው ግን እኛው ነን። እናት በሰው ፊት አፍራ ከደበቀች ማን ይቆጥረናል?

የጅሬኗ፦ አፍራ አልክ? ረቡዕ ልጄ ቡና እያፈላች ነሰራት። ረከቦቱ ላይ ጠብ ጠብ አለ። እንግዳው ሳያይ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ አጠበች፣ ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛ ጓዳ ተቀመጠች። ወደፊት ዘንበል በይ አልኳት፣ እኔም የምይዘው እንደዚያው ነው። ያስተላለፍኩባት እኔ ነኝ። ያንን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ስሜ የተጻፈ ይመስለኛል።

መምህሩ፦ ይቅርታ እትዬ። አፌን ስቶኝ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም ይቅርታ። ግን ነስር አይሁን።

ጸሐፊ፦ "የደም ሥር ሕመም ላለባቸው ቤተሰቦች" ብንለውስ?

የጅሬኗ፦ ላስብበት።

ነርሷ፦ እስኪወሰን በኪስ የሚያዝ ካርድ እናሳትም። ጥርስ ከመነቀል በፊት፣ ግሉኮስ ሲተከል፣ እርግዝና ሲኖር ምን እንደሚደረግ ይጻፍበት። በሁለቱም ቋንቋ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ።

ባለባጃጁ፦ ይሄ ይሻላል! መርካቶ ማተሚያ ቤት የሚሠራ ዘመድ አለኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለካርድ ብር አለን። ፕላስቲክ ይለበጥ፣ ደም ሲነካው እንዳይበላሽ።

ጸሐፊ፦ እሺ። ካርዱ ይቅደም፣ ፕሮፖዛሉን ከጥምቀት በኋላ እናየዋለን። የአፋን ኦሮሞውን የሚጽፍ?

ጸሐፊ፦ የሚጽፍ የለም? ባለፈው እኔ አለሁ ያላችሁት ሁለታችሁ የት ናችሁ?

የጅሬኗ፦ ልጄ ትጽፋለች። ስሟ እንዳይወጣ እንጂ።

ባለባጃጁ፦ ካርዱ ምን ዓይነት ቀለም ይሁን? ቀይ ደስ አይልም።

የአጋሮው፦ የኢኮውን ዋጋ የጠየቀ አለ?