ሬሳ ለሌለው ሰው ሐውልት ይቁም?

ጠያቂው (ቢቸና)፦ አጎቴ የደርግ ወታደር ነበር። የካቲት 1982 ምጽዋ ስትያዝ እዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬውም አጥንቱም የለም። መርዶ አልመጣ፣ ለቅሶ አልተቀመጥን። አሁን የልጅ ልጆች ብር አዋጥተን አጥቢያችን ግቢ ስሙን በድንጋይ ልናስቀርጽ ነው። ግማሹ ዘመድ «ባዶ መቃብር ሟርት ነው» ብሎ አኩርፏል። ምን ትላላችሁ?

የሞጣው፦ የምን ሟርት? ከ30 ዓመት በላይ ሆነው እኮ! ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የወደቁበትን ሰብስቦ ነው የሚነገርለት፤ ፑሳን የተቀበሩትም ተነሥተው አገራቸው ገብተዋል። የምጽዋዎቹንስ ማን ጠየቀ?

መምህሩ፦ ማን ይጠይቅ ብለህ ነው? የላካቸው መንግሥት በዓመቱ ራሱ ወደቀ። ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማም እዚያው ምጽዋ ነው የቀሩት። ጄኔራሉ ከቀሩ የተራ ወታደሩን አስቡት።

ዲያቆኑ፦ ለቅሶ ላልተቀመጣችሁለት ሰው ድንጋይ ይቀድማል እንዴ? ለመሆኑ ክርስትና ስሙን የሚያውቅ አለ? ፍታቱም ተዝካሩም በዚያ ስም ነው። ሐውልቱ ላይ የምትጽፉትን ቄሱ አይጠራውም።

ጠያቂው፦ አያቴ ታውቀዋለች። አትናገርም እንጂ። «ለሞተ ሰው ነው የሚጠየቀው» ትላለች።

የደጀኗ፦ እንዴ! እናቱ በሕይወት አሉ? እና እሳቸው እያዩ ልታቆሙት ነው?! የእኔም አያት ልጇ በረሃ ቀርቷል። አንድ ጊዜ ቤት ለቤት የሚመዘግብ ልጅ መጣና «ስንት ልጅ አለዎት?» አላት። «አምስት» አለች። እኛ የምናውቀው አራት ነው። «አምስተኛው የት ነው?» ሲላት መቀነቷን ጠበቅ እያደረገች «ለሥራ ወጥቷል» አለችው። ጻፈላት። ማናችንም አላረምነውም።

የሞጣው፦ እሺ፣ ያሳዝናል። ግን እሷ ስታልፍ አምስተኛውን ማን ይቆጥረዋል? ለዚህ ነው ድንጋይ የምለው።

ጠያቂው፦ የሞተበትን ቀንስ ምን ብለን እንጻፍ?

መምህሩ፦ የማታውቁትን አትፍጠሩ። «ምጽዋ፣ 1982» ይበቃል።

የደጀኗ፦ እሱንም መጀመሪያ ለአያትህ አንብቡላቸው።

ጠያቂው፦ ጠራቢው ቀብድ በልቷል፤ ለፋሲካ አደርሳለሁ ብሏል። ቆይ ልበለው እንዴ?

ዲያቆኑ፦ በለው።