የጨዋታ መሪ የዳይስ ውጤት ቢቀይር ተገቢ ነውን?

ጥያቄ፦
ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የሚና ጨዋታ፣ የ2014ቱን አምስተኛ እትም፣ ለአራት ጓደኞቼ እመራለሁ፤ እነርሱ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ይጫወታሉ፣ እኔ ደግሞ ታሪኩንና ጠላቶቹን እመራለሁ። ከእነርሱ አንዷ ጨዋታውን ገና የጀመረች ስትሆን ገጸ ባሕርይዋ 7 የሕይወት ነጥብ ብቻ ያላት የአንደኛ ደረጃ አስማተኛ ናት። ባለፈው ጨዋታችን አንድ ጎብሊን (ትንሽ ጭራቅ) በጎራዴ ሲያጠቃት ዳይሴን ከተጫዋቾቹ ዓይን ከሚሰውረው መከለያዬ ጀርባ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ጣልኩ፤ 20 ወጣ። በዚህ ጊዜ የጉዳቱ ዳይስ እጥፍ ስለሚሆን ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይሶች ብጥል ሁለቱም 6 ሆነው ዐረፉ። በላዩ 2 ሲደመር 14 ጉዳት መሆኑ ነው። እንደምታውቁት፣ ነጥቧ ዜሮ ከገባ በኋላ የሚተርፈው ጉዳት ሙሉ ነጥቧን የሚያህል ከሆነ ገጸ ባሕርይዋ ያለ ምንም የመዳኛ ሙከራ ወዲያው ትሞታለች፤ የተረፈው ደግሞ ልክ 7 ነበር። ከ720 ጊዜ አንዴ የሚያጋጥም ነገር በመጀመሪያዋ ውጊያ ላይ ደረሰባት። እኔም ዳይሶቹን በፍጥነት ሰብስቤ «4 ጉዳት ደርሶብሻል» አልኳት።

ጨዋታው ሲያልቅ «ከምሰሶው ጀርባ መጠለሌ አተረፈኝ» ብላ በደስታ ስትናገር ሰማኋት። ምሰሶው ግን አላተረፋትም፤ 20 ሲወጣ መጠለያ ቦታ የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ንግግሯ እረፍት ስለነሣኝ የእናንተን አስተያየት ለመጠየቅ ወደድሁ። ለተጫዋች በማዘን የዳይስ ውጤት መቀየር ተገቢ ነውን?

መልስ፦
ያዘኑላት ከቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ቢሆንም ውጤት መቀየር ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱንም እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል። ያቺ ተጫዋች ከምሰሶ ጀርባ መጠለል እንደሚያድን «ተምራለች»፤ ነገር ግን ያዳናት የእርስዎ ፈቃድ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ በዚሁ ትምህርት ተማምና አደጋ ውስጥ ብትገባና እርስዎ ዳይሱን እንዳለ ቢተዉት፣ ለምን እንደሞተች ፈጽሞ ሊገባት አይችልም። በሚና ጨዋታ ውስጥ የተጫዋቹ ንብረት ውሳኔው ብቻ ነው፤ ውሳኔውና ያስከተለው ነገር በስውር ከተለያዩ ደግሞ እጁ ላይ የሚቀርለት ነገር የለም።

እኔ ለብዙ ጊዜ የምከተለው ልማድ ዳይሱን ከማንሣቴ በፊት ራሴን መጠየቅ ነው፦ ከሁሉ የከፋው ቁጥር ቢወጣ እቀበለዋለሁ? የማልቀበለው ከሆነ ዳይሱን አልጥልም፤ የሚሆነውን በራሴ ወስኜ እናገራለሁ። ሞት የማይፈለግበት ጨዋታ ከሆነም ይህ አስቀድሞ በግልጽ ይነገራል።

ደግሞም በዚያች ቅጽበት ሐቀኛ መውጫ ነበርዎት። በዚያው እትም ሕግ መሠረት በቅርብ ርቀት መሣሪያ የተመታ ባላጋራ ነጥቡ ዜሮ ሲገባ አጥቂው ከመግደል ይልቅ ራሱን አስቶ መጣልን ሊመርጥ ይችላል፤ ምርጫውም ጉዳቱ በደረሰበት ቅጽበት የሚደረግ ነው። ጎብሊኑ አስማተኛዋን ራሷን አስቶ፣ እጇን አስሮ ወደ ዋሻው ቢጎትታት ኖሮ 20ውም ሁለቱ 6ቶችም በቦታቸው ይቆዩ ነበር፤ ሦስቱ ጓደኞቿም የሚያስመልሷት እስረኛ ይኖራቸው ነበር።

መልስ፦
ከላይ የተሰጠው መልስ ጥሩ ቢሆንም ጥቂት የጠበቀ ይመስለኛል። የጨዋታው መሪ ዳይሱን የመሻር መብት እንዳለው ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ጋሪ ጋይጋክስ በ1979 ባወጣው የመሪዎች መመሪያ ላይ ጭምር የሰፈረ ነው፤ መከለያውም እስከ ዛሬ ከጠረጴዛው አልተነሣም። መሪው ሰው ነውና ይሳሳታል፦ የጠላቶቹን ብዛት አላግባብ ይገምታል፣ ሕግ አንብቦ ያጣምማል። ያኔ የተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርያት የሚሞቱት በራሳቸው ስሕተት ሳይሆን በመሪው ስሕተት ይሆናል፤ ይህን ማረም ደግሞ ግዴታው ነው። በእርስዎ ታሪክ ውስጥ ግን የመሪ ስሕተት አላየሁም፤ አንድ ጎብሊንና አንድ ክፉ ዕድል ብቻ ናቸው የነበሩት።

ማስተካከል ለሚፈልግ ሰው ሕጉ ራሱ ሰፊ ቦታ ይሰጠዋል። ለምሳሌ በ2014ቱ እትም የጎብሊን የሕይወት ነጥብ 7 ተብሎ ቢጻፍም ይህ የሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይሶች አማካይ ነው፤ ስለዚህ ውጊያው ሳይጀመር ከ2 እስከ 12 ያለውን መምረጥ ይቻላል። ውጊያው ከተጀመረ በኋላ መቀየርን ግን እኔም አልደግፍም።

መልስ፦
ጥያቄው ጨርሶ የማይነሣባቸው ጨዋታዎችም እንዳሉ ማስታወስ ይገባል። በ2010 በወጣው አፖካሊፕስ ዎርልድ መሪው ዳይስ አይጥልም፤ ተጫዋቹ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይሶችን ጥሎ፣ የገጸ ባሕርይው የችሎታ ነጥብ ተጨምሮበት ድምሩ ከ7 እስከ 9 ከሆነ ያሰበው ይሳካለታል፣ ሆኖም ዋጋ ያስከፍለዋል። ይህ የችሎታ ነጥቡ ዜሮ ሲሆን ከ36 በ15ቱ የሚያጋጥም በመሆኑ ጨዋታው በአመዛኙ በሞትና በድል መካከል ይጓዛል። እየደጋገሙ ውጤት ለመቀየር የሚገደዱ ከሆነ ምናልባት ለቡድንዎ የሚስማማው እንዲህ ያለ ሕግ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ራስን ስለ ማሳት የሚናገረውን ሕግ አንብቤው ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ጨርሶ ትዝ አላለኝም። ትናንት ከመጫወታችን በፊት እውነቱን ለአራቱም ነገርኳቸው። ተጫዋቿ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ የጠየቀችኝ ስለ ሞቷ አልነበረም፤ «ታዲያ ምሰሶው ምንም አልጠቀመም ማለት ነው?» አለችኝ። ከ20 በቀር ለሌላው ቁጥር ሁሉ መከላከያዋን በ2 እንደሚጨምርላት አስረድቻት በማስታወሻዋ ጻፈችው። ከእንግዲህ የውጊያ ዳይስ ሁሉ በጠረጴዛው መካከል እንዲጣል ተስማምተናል፤ መከለያው የሚቀረው ተጫዋቾቹ ውጤቱን ሊያውቁ ለማይገባቸው፣ ለምሳሌ ድብቅ ወጥመድ ሲፈልጉ ለሚጣለው ዳይስ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጎብሊን ይጠብቃቸዋል።