ለባለቤቴ ሙት ዓመት የሕይወት ታሪኳን ልጽፍ ነው፤ ጠላ መጥመቋን ልተወው?

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ብርሃን)

ባለቤቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። በቀብሯ ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የወንድሜ ልጅ በአንድ ሌሊት ጻፈው፤ እግዚአብሔር ይስጠው፣ በዚያ ሐዘን መካከል ሌላ ማን ብዕር ያነሣ ነበር? ሰንብቼ ሳነበው ግን እርሷን አጣኋት። የት እንደተወለደች፣ ማንን እንዳገባች፣ ልጆቻችን በየትኛው አገር እንደሚኖሩ ይዘረዝራል። ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ሃይማኖተኛ ነበሩ ይላል። ስሙን ብቻ ለውጦ ለማንኛዋም እናት ቢያነቡት ያስኬዳል። ለሙት ዓመቷ ታትሞ ለዘመድና ለጎረቤት ስለሚታደል፣ አሁን እኔው ልጽፈው ተነሥቻለሁ።

የቸገረኝ ይህ ነው። ታላቋ ልጃችን፣ እናቷ ጠላ ትሸጥ እንደነበር የሚናገረውን ክፍል አውጣው ትለኛለች። «ነጋዴ ነበረች በለው፤ ይበቃል» አለችኝ። እናቷን ከመውደዷ የተነሣ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በእኔ የመምህርነት ደመወዝ ብቻ እነዚያ ሁሉ ልጆች ባልተማሩ ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥነዋለች። ብቅሉን ራሷ ታበቅላለች እንጂ ገበያ የወጣ ብቅል አታምንም ነበር። ጌሾውን ወቅጣ ትጠነስሳለች። እንኩሮውን ስታንኮር ጢሱ ዓይኗን ሲለበልባት ኖሯል፤ በስተርጅና ማየት የተሳናት ከዚያ የተነሣ ይመስለኛል። ጠላው ከኮመጠጠባት ለማንም አትቀዳም፤ ኪሳራውን ችላ ትደፋዋለች።

ደግሞ ደብተሯ አለ። ቀድሞ የሰውን ዱቤ የምትይዘው ጓዳው ግድግዳ ላይ በከሰል እያሰመረች ነበር። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔ አስተማሪ ሆኜ ተመደብሁ፤ እርሷ ግን «ባሌ እያረመኝ አልማርም» ብላ ሌላ ጣቢያ ሄዳ ተመዘገበች። ፊደል በለየች በጥቂት ወራት ውስጥ ግድግዳውን ኖራ ቀብታ የዱቤ ደብተር ከፈተች። ደብተሩ አሁን ከፊቴ ነው። የሰው ስም አልጻፈችም፤ «አናጢው»፣ «ቀዩ ወታደር»፣ «ሚስቱ የታመመችበት» እያለች ነው የመዘገበችው። በየዓመቱ የፋሲካ ዋዜማ ላይ መክፈል ያቃታቸውን ሰርዛለች። የተሰረዘውን ልደምረው አልፈልግም።

ይህንን ሁሉ «ነጋዴ» በሚል አንድ ቃል ላሳልፈው? ምከሩኝ። ሌላው ጥያቄዬ የልደቷ ዘመን ነው። መታወቂያዋ 1945 ዓ.ም. ይላል፤ እርሷ ግን የጃንሆይ ኢዮቤልዩ በተከበረበት ዓመት መንዝ ውስጥ ብቻዋን በግ ትጠብቅ እንደነበር ስትናገር ኖራለች።

የዕድር ጸሐፊ

አባታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በዕድራችን የሕይወት ታሪክ እየጻፍሁ ዘመን ቆጥሬያለሁና የማውቀውን ልበል።

የልደቱን ዘመን እርሳቸው ነግረውዎታል። የብር ኢዮቤልዩው የተከበረው ጥቅምት 1948 ዓ.ም. ነው። በ1945 የተወለደች ልጅ ያኔ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ናት፤ በግ አትጠብቅም። ሰባት ስምንት ዓመት ሆኗቸው ከነበረ 1940 አካባቢ ይመጣል። «በ1940 ዓ.ም. ገደማ» ብለው ይጻፉ፤ የኢዮቤልዩውንም ነገር እንደነገሩዎት ያስገቡት። የመታወቂያ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ጸሐፊ በዓይኑ ገምቶ የሞላው ነው።

የክርስትና ስማቸውን እንዳይረሱ። ካህናቱ በጸሎት የሚያነሷቸው በእርሱ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸውም ወደፊት ለማሳሰብ ሲሹ ከወረቀቱ ያገኙታል።

ስለ ርዝመቱ አይጨነቁ። በቀብር ላይ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለሚሰማ ማሳጠር ግድ ነው። የሙት ዓመቱን ግን ቤቱ ወስዶ ተቀምጦ ያነበዋል። የልጆቹን ዲግሪና አገር በሁለት መስመር ይጨርሱት፤ ይህ የእርሳቸው ታሪክ እንጂ የልጆቹ የሥራ ማስረጃ አይደለም። በዚህ ነገር ሁልጊዜ ከቤተሰብ ጋር እከራከራለሁ!

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት

አባባ፣ እኔም የጠላ ሻጭ ልጅ ነኝ። ጽሑፍዎን እያነበብሁ አለቀስሁ። ይጻፉት፤ ጌሾውንም፣ ጢሱንም፣ ደብተሩንም። እናቴ ስታርፍ እኛ «በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር» ብለን አለፍነው፤ ያንን ዓረፍተ ነገር ባየሁት ቁጥር ይከፋኛል።

ሆኖም ልጅዎን አይጫኗት። በልጅነታችን ጠላ ቤት ማደግ ምን እንደሚመስል አባቶች ሁሉን አያውቁም። ማታ የሰከረ ሰው የሚናገረውን የምንሰማው፣ ብርጭቆ የምናጥበው፣ ጠዋት ትምህርት ቤት የምንሰደበው እኛ ነበርን። ለምን ይውጣ እንዳለች ቀስ ብለው ይጠይቋት። ምናልባት የሚያሳፍራት እናቷ ሳትሆን ያ ስድብ ይሆናል።

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሽው፣ ምክርሽን ሰምቼ ትናንት ማታ ደወልሁላት። ብዙ ዝም አለች። በኋላ አራተኛ ክፍል ሳለች «ጌሾ ጌሾ ትሸቺያለሽ» ብለው አጠገቧ አንቀመጥም እንዳሏት ነገረችኝ። ለእናቷ ነግራት ኖሯል፤ ለእኔ ግን ማንም አልነገረኝም። እናቷ በማግስቱ ዩኒፎርሟን አጥባ ከማጀቱ አርቃ ጎረቤት ቤት ሰቀለችው፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስም እዚያው እየተሰቀለ ያድር ነበር። ልጄ በየጠዋቱ ጎረቤት ገብታ ለብሳ ትሄድ እንደነበር አይ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቅሁም።

ይህንን ካወራን በኋላ «የጠላውን ክፍል እኔ ልጻፈው» አለችኝ። እኔ የመንዝ ልጅነቷን፣ ሱፍ ስትፈትል አባቷ ባና የሠሩላትን፣ ጋብቻችንንና የመሠረተ ትምህርቱን እጽፋለሁ። የዕድር ጸሐፊው ወንድሜ፣ የልደቱን ነገር እንዳልኸው አደርገዋለሁ፤ ክርስትና ስሟም ከላይ ይገባል።

የዕድር ጸሐፊ

መልካም ነው አባታችን። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ፊደሉን ተለቅ አድርገው ያሳትሙት፤ ከእርሳቸው ጋር ቡና የጠጡት ጎረቤቶች ዓይናቸው ደክሟል። ከደብተሩም አንድ ገጽ ፎቶ ተነሥቶ ቢገባ ደስ ይላል፤ የተበዳሪዎቹን መጠሪያ ግን ይሸፍኑት፣ ሰፈሩ «አናጢው» ማን እንደሆነ ያውቃልና።