ክረምቱ እየገባ ነው፤ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ቢነሳ ቤት ውስጥ ምን ይዘን እንጠብቅ?

የጀሞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፣ እሱም ሌሊት፣ እሱም ካሰኘው። ቤቱ ውስጥ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ልጃችን እና የቤት ሠራተኛችን አለን። በሰኔ ደግሞ እናቴ ከገጠር ትመጣለች፤ ስኳርም ግፊትም አለባት።

አሁን ምንም የተሰማ ነገር የለም፣ ላስደነግጣችሁ አይደለም። ግን በ2008 አዲስ አበባ ላይ አተት ሲነሳ ተማሪ ነበርኩና ግርግሩ ትዝ ይለኛል። በኮሮና ጊዜም ሰዉ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ሲሻማ ዋጋው ጣሪያ ነካ። ነገሩ ከመጣ በኋላ መሯሯጥ አልፈልግም። ባለቤቴ ፓስታና መኮሮኒ በካርቶን እንግዛ ይላል፣ እኔ ደግሞ ዋናው ውሃው ይመስለኛል። ብሩ እንደምታውቁት ነው፣ ሁለቱንም አይችልም። ምን ላስቀድም? ውሃውን በጀሪካን ቀድተን በረንዳ ላይ ነው የምናስቀምጠው፣ እንዲሁ ብንጠጣው ችግር አለው? አኳታብ የሚባለው የውሃ ማከሚያ ክኒንስ ለሕፃን ይሆናል?

ሲስተር ከጤና ጣቢያ፦
እህቴ ልክ ነሽ፣ ባለቤትሽ ቅር እንዳይለው እንጂ ፓስታው ይቆይ። አተት፣ በተለይ ኮሌራ ሲሆን፣ ሰው የሚገድለው የሰውነትን ውሃና ጨው በሰዓታት ውስጥ አሟጦ ነው። የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ ትውከት ይጨመርበታል፣ ጠዋት በእግሩ ሥራ የሄደ ጎልማሳ ማታ ሰው ደግፎት ይመጣል። የወጣው ፈሳሽ በጊዜ ከተተካ ግን ከመቶ ታማሚ አንድ እንኳን አይሞትም። ስለዚህ ብርሽን ውሃ ማከሚያና ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የስኳርና የጨው ዱቄት) ላይ አውይው።

ኦአርኤስ የትኛውም ፋርማሲ አለ፣ ውድ አይደለም። ለእናንተ ቤት አሥር ፓኬት ይበቃል፣ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን እያየሽ ግዢ። አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። ፓኬቱን ለሁለት ከፍሎ በግምት መበጥበጥ፣ ወይም «ጠንከር ይበል» ብሎ ውሃ መቀነስ የለም፤ በተለይ ለሕፃን ጨው ይበዛበታል። አንድ የ1 ሊትር ሃይላንድ ለይተሽ «ኦአርኤስ» ብለሽ በማርከር ጻፊበትና ከፓኬቶቹ ጋር አንድ ቦታ አስቀምጪ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መለኪያ ፍለጋ ኩሽና መተራመስ አያስፈልግም። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ።

ለልጅሽ ባስቀመጠው ቁጥር አንድ የቡና ሲኒ ያህል፣ በማንኪያ፣ ቀስ ብሎ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቂና እንደገና ጀምሪ። «ሆዱ አልያዘለትም» ብሎ መተው ነው ትልቁ ጥፋት። የሚጠባ ከሆነ ጡቱ አይቋረጥ። ለአዋቂ በየጊዜው አንድ ሁለት ብርጭቆ፣ ከዚያም በላይ ካሰኘው ይጠጣ። ለልጆች ዚንክም አለ፣ ጤና ጣቢያ ይሰጡሻል፤ ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘውን ቀን መጨረስ አለበት። ኦአርኤስ ጨርሶ ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ሆኖ፣ ያልተቆለለ። ልብ በይ፣ ስድስቱ ስኳሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በሥራዬ ሁሌ የሚያናድደኝ ነው። ሰዉ «ይተወኛል» እያለ ያድራል። ደግሞ ያፍራል፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ፣ ተቅማጥ የቆሻሻ ሰው በሽታ ይመስል። ወረርሽኝ በተባለበት ሰሞን ውሃ የሆነ ተቅማጥ ከጀመራችሁ ኦአርኤሱን እየጠጣችሁ ወዲያው ውጡ፣ መንገድ ላይም ጠጡ። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ሽንቱ የጠፋ፣ ሲያለቅስ እንባ የማይወጣው ልጅ፣ ቆዳው ቆንጠጥ ሲደረግ ቶሎ የማይመለስ ሰው ካለ አትጠብቁ። በወረርሽኝ ጊዜ መንግሥት ጤና ተቋም ውስጥ ሕክምናው በነጻ ነው። ብቻ ሌሊት የምትደውሉለት ባለ መኪና ወይም ባለ ራይድ ከአሁኑ ይታወቅ፣ ልጁ ከማን ጋር እንደሚያድርም ተነጋገሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ መስመር ደግሞ 8335። ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።

ክትባትም አለ፣ የሚጠጣ ነው፣ በዘመቻ ነው የሚሰጠው። ወደ ሰፈራችሁ ከመጣ አትለፉት።

ሮቶና ጀሪካን፦
እኔ ስለ ውሃው ልበል፣ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ።

በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ከጣቢያው ንጹህ ሆኖ ቢወጣ እንኳን መንገድ ላይ የሚሆነው አይታወቅም። ውሃው ሲቋረጥ ቧንቧው ውስጥ ግፊት ይጠፋል። ያኔ ቧንቧው የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ በዙሪያው ያለውን ይስባል፣ በዙሪያው ያለው ደግሞ አንዳንዴ የፍሳሽ መስመር ነው። ስለዚህ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ቡናማ ሆኖ የሚንደቀደቀውን የመጀመሪያውን ለሽንት ቤትና ለወለል በባልዲ ያዙት፣ ከጠራ በኋላ ለመጠጥ ቅዱ። እንቅልፍ እንደሚያሳጣ አውቃለሁ። የጠራውም ቢሆን ግን ሳይታከም አይጠጣ።

ማፍላት ከቻላችሁ ከሁሉም እሱ ይሻላል። አዲስ አበባ ከፍታው ከ2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው። ፈላ ብሎ ወዲያው ማውረድ አይሆንም፣ ተንተክትኮ 3 ደቂቃ ይቆይ። መብራት ከሄደና ሲሊንደሩ ካለቀ ነው ኬሚካሉ የሚያስፈልገው። ውሃ አጋር ወይም አኳታብ ያዙ። አኳታቡ ለ5 ሊትርም ለ20 ሊትርም የሚሆን የተለያየ አለ፣ ሱቁ የነገራችሁን ትታችሁ ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብቡ። ከጨመራችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትንኩት። መጠኑ ከተጠበቀ ሕፃንም ይጠጣዋል፤ ለወተት መበጥበጫ ግን እኔ ብሆን አፍልቼ ነው። ውሃው ድፍርስ ከሆነ መድኃኒቱ በደንብ አይሠራም፣ አስቀድሞ እንዲዘቅጥ ይቆይና በንጹህ ነጠላ ይጠለል። ለድፍርስ ውሃ የሚሆነው ቢሻንጋሪ ነው፣ ቆሻሻውን ወደ ታች ያወርደዋል።

ጀሪካኑም ይታይ። ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበትን ለመጠጥ አትጠቀሙ። የመጠጡ ለብቻው፣ ክዳኑ የሚገጥም፣ ከተቻለ ከታች ቧንቧ ያለው ይሁን። ሰፊ ባልዲ ውስጥ ጣሳ እየነከሩ መጠጣት ግን ያከማችሁትን ውሃ መልሶ ማበላሸት ነው። አንድ እጅ ገባ ማለት አለቀ። በረንዳ ላይ ከምታስቀምጡት ቤት ውስጥ ጥላ ቦታ ይሻላል፣ ፀሐይ ክሎሪኑን ቶሎ ያጠፋዋል።

አራት ኪሎ፦
ኧረ ሰዎች ጭንቀት አታብዙ። ፌጦ በሎሚ፣ ከላይ አንዲት መለኪያ አረቄ፣ ምን አባቱ ያመጣል! አያቶቻችን አኳታብ ነበራቸው እንዴ?

ሲስተር ከጤና ጣቢያ፦
ወንድሜ ፌጦውን ጤነኛ ሆነህ ብላው፣ ማን ከለከለህ። አረቄ ግን ውሃው ላለቀበት ሰው ጭራሽ ያባብሰዋል። አያቶቻችን ደግሞ የፈንግል (የኮሌራ) ዘመን እያሉ የሚያወሩት እኮ ስንቱን ስለቀበሩ ነው።

ከሪያድ፦
ሰላም እህቶቼ። እኔ ሪያድ ነው ያለሁት፣ እናቴና ወንድሞቼ ሻሸመኔ ናቸው። ሰው ሲመጣ አንቲባዮቲክና ተቅማጥ የሚያቆመውን ክኒን በብዛት ልላክላቸው አስቤ ነበር። የቱ ይሻላል?

ባለ መድኃኒት ቤት፦
የሪያዷ፣ ሁለቱንም ተዪው። ተቅማጥ የሚያቆመው ክኒን አንጀቱን ነው የሚያስተኛው፣ ተህዋሲውን እዚያው ያቆየዋል፣ ለሕፃን ደግሞ አደገኛ ነው። አንቲባዮቲክ በጠና ለታመመ ሰው ሐኪም ይጨምርለታል እንጂ ፈሳሹን አይተካም። ቤት ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ሰዉ ክኒኑን ውጦ ይተኛል፣ ሐኪም ቤት መሄዱ ይቀራል። በዚያው ብር ኦአርኤስ፣ ሳሙናና ውሃ ማከሚያ እዚያው ሻሸመኔ ይገዛል፣ የተረፈውን «ለታክሲ ነው፣ እንዳይነካ» ብለሽ ላኪላቸው። እዚህ መድኃኒት ቤት ቆሜ እንደማየው ሰዉ ሌሊት የሚቀረው ለመኪና ብር አጥቶ ነው።

ለጠያቂዋ ደግሞ፣ እናትሽ የስኳርና የግፊት መድኃኒታቸውን ከሚያልቅበት ቀን አንድ ወር ትርፍ ይያዙ። ጤና ጣቢያ በወረፋ ሲጨናነቅ ለሱ ብለው እንዳይሰለፉ።

የእድር ጸሐፊ፦
ሁሉም ጥሩ ብላችኋል፣ እኔ ስለ ምግቡና ስለ ሰዉ ልጨምር።

አንደኛ፣ የቤት ሠራተኛችሁን አስቀምጣችሁ አስረዷት፣ እንደ ትእዛዝ ሳይሆን ለራሷም ጤና ብላችሁ። ውሃውን የምትቀዳው እሷ ናት፣ ልጁን የምታጥበው እሷ፣ እንጀራውን የምትቆርሰው እሷ። ለሷ የተፈላ ውሃ ሳይሰጡ «እጅሽን ታጠቢ» የሚሉ ቤቶች አውቃለሁ። ከመጣባችሁ ሁላችሁንም ነው። ሽንት ቤቱ በር ላይ ሳሙናና ከተበሳ ፕላስቲክ የተሠራ መታጠቢያ አንጠልጥሉ፣ ቧንቧው ሲደርቅ እሱ ያገለግላል።

ሁለተኛ፣ ወሬው ከተሰማ ጥሬውን ተዉት። ሰላጣ፣ ክትፎ፣ መንገድ ላይ የተላጠ ፍራፍሬ። ከአትክልቱ የተወሰነው በአቃቂ ወንዝ ዳር እንደሚለማ ታውቃላችሁ፣ ወንዙ ምን እንደሚመስልም ታውቃላችሁ። ቆስጣውም ጎመኑም ይቀቀል፣ በትኩሱ ይበላ። ሰው የሚረሳው በሶ ነው፤ በሶ የሚበጠበጠው በጥሬ ውሃ ነው። ጠላና ቅራሪም እንደዚሁ፣ ጠላ ቤት በምን ውሃ እንደሚቀጠን አይታወቅም።

እድርተኛ ለሆናችሁም ልንገራችሁ። በበሽታው ሰው ከሞተ አስከሬኑን ቤተሰብ አይጠብ፣ ለጤና ጣቢያ ይነገር። የድንኳኑ ምግብም ያን ሰሞን ይቅር። እኛ ሰፈር በዚህ ነገር ከአረጋውያኑ ጋር መነጋገር ከባድ ነው፣ ለዚህ ነው ቀድሞ በስብሰባ መነሳት ያለበት።

የጀሞዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ፓስታው ተሰርዟል፣ ባለቤቴ አኩርፏል 😄። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። እናቴ እንደመጣች ጸበል እንሂድ ማለቷ አይቀርም፣ እምቢ ማለት አልችልም። ደግሞ ስኳር ስላለባት ኦአርኤሱ አይጎዳትም ወይ? ጣፋጭ እኮ ነው።

ሲስተር ከጤና ጣቢያ፦
ኦአርኤስ ውስጥ ያለው ስኳር ጨውና ውሃው በአንጀት በኩል እንዲገባ የሚያደርገው ነው፣ ስኳር ስላለባቸው አይከልከሉ። ስኳራቸውን መለካት ብቻ ነው፣ መለኪያው ቤት ካለ ባትሪውንና ስትሪፑን እዪ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ ነው። አንዳንዱ የግፊትና የስኳር ክኒን ሰውነት ውሃ ባጣ ጊዜ ኩላሊት ላይ ጫና አለው። በቀጠሯቸው ቀን «ተቅማጥ ቢይዛቸው የትኛውን እናቁም?» ብለሽ ሐኪማቸውን ጠይቂና ወረቀት ላይ አስጽፊ። በራስሽ ግን አታቁሚ።

የእድር ጸሐፊ፦
ስለ ጸበሉ፣ እናትን እምቢ ማለት ይከብዳል፣ እውነትሽን ነው። በ2015 ቋራ፣ በርሚል ጊዮርጊስ ጸበል አካባቢ ኮሌራ ተነስቶ ነበር። ከየአገሩ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ሽንት ቤቱና የመጠጥ ውሃው ሳይበቃ ሲቀር እንዲህ ይሆናል። ወረርሽኝ ከሌለ ውሰጃቸው፣ የሚጠጡትን ውሃና ስንቅ ከቤት ያዙ። ወረርሽኝ ካለ የንስሐ አባታቸውን አናግሪ፣ እሳቸው «ይቆይ» ቢሏቸው ካንቺ ይልቅ ይሰማሉ።

ሮቶና ጀሪካን፦
አንድ የተረሳ። ሽንት ቤትና ትውከት የነካው ወለል ማጽጃ በረኪና ያዙ፣ አንድ ብርጭቆ በረኪና በዘጠኝ ብርጭቆ ውሃ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት፣ ጭሱ ያፍናል። የጀሞዋ፣ በረኪናውን በምን ነው የምታስቀምጪው?

የጀሞዋ፦
በሃይላንድ ነው፣ ከሱቅ እየቀዱ ሲሸጡልኝ በዚያው አምጥቼው። ለምን?

ሮቶና ጀሪካን፦
ሁለት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ልጅ አለሽ፣ ኦአርኤሱም በሃይላንድ ነው ተባልሽ። ዛሬውኑ ሌላ ዕቃ ውስጥ ገልብጪውና ከፍ ያለ ቦታ ቆልፊበት።

የጀሞዋ፦
አሁን ተነሳሁ።