ከ15 ወደ 17 ቸርኬ፦ የትኛው ጎማ ይሆነኛል?

ሰላም ወገን። መኪናዬ ከፋብሪካ የወጣችው በ195/65 አር 15 ጎማ ነው (ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 15 ኢንች)። ባለ 17 ቸርኬ አማረኝና የጓደኛዬን 205/55 አር 17 ገጥሜ ሞከርኩት። መሪውን ጥግ ድረስ ሳዞር ፓራፋንጎውን ይፍቃል። ምን ልግጠም?

— ቢፍቅ አይገርምም። የድሮው ጎማህ ሙሉ ቁመት (ከዳር እስከ ዳር) 634 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ያኛው 657! ፍጥነት መለኪያህ 100 ሲል አንተ ወደ 104 እየነዳህ ነው። 225/45 አር 17 ፈልግ፣ ቁመቱ ከድሮው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የቸርኬው ስፋት 7 ወይም 7.5 ኢንች ይሁን።

— ኦፍሴቱንም እይ፣ ማለትም ቸርኬው ከሚታሰርበት ገጽ እስከ ወርዱ መሃል ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር። እኔ መልኩን ብቻ አይቼ በ45 ፈንታ ባለ 30 ገዛሁ። ስፋቱ ያው ነው፣ ግን 15 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጣብኝ። ከኋላ ሦስት ሰው ስጭን ይፍቅ ነበር። ሸጥኩት፣ በኪሳራ።

— መንገድህ ላይ ጉድጓድ ከበዛብህ፣ የጎማው ጎን ከፍ ስለሚል 205/55 አር 16 ይበቃሃል ባይ ነኝ።