የግሬብ ጫጩት ከወላጆቹ ጋር እያደገ ሲሄድ ፎቶ ለማንሳት፦ እባካችሁ ምክር

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐይቅ ዳር ባለጉትያ ግሬቦች ጫጩት ፈልፍለዋል፤ እነዚያ እየጠለቁ ዓሣ የሚይዙት፣ አናታቸው ላይ ላባ የቆመላቸው ወፎች። አንደኛው ጫጩቱን አዝሎ ይዋኛል፣ ሌላኛው እየጠለቀ ያጎርሰዋል። እስኪያድግ ድረስ እየተከታተልኩ ላነሳው ፈልጌ ነበር። ግን የወላጁ ነጭ አንገት ብርሃን ይበዛበትና ላባው አይለይም፣ ፎከሱም ጫጩቱን ትቶ ወላጁን ይይዛል። ሌንሴ 400 ሚሊሜትር ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ጭቃ አይፈሬ፦ መጀመሪያ ቆመሽ ማንሳት ተዪ። መሬት ላይ ተኚና ሌንሱን ወደ ውሃው አስጠጊው፤ ጀርባው ያለው ሁሉ ይደበዝዝና ወፎቹ ብቻ ጎልተው ይወጣሉ። ልብስ ይታጠባል። ለነጩ ላባ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) ግማሽ ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ደረጃ) ያህል ዝቅ አድርጊ፣ ካልበቃ እስከ አንድ። የሹተር (የካሜራው መዝጊያ) ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ አይውረድ፣ ሲያጎርሱ ደግሞ 1/1600 ይሻላል። እኩለ ቀን ላይ ባትለፊ እመክራለሁ፣ ጠዋት በጊዜ ሂጂ።

ሸምበቆ ውስጥ፦ ፎከሱን በራሱ እንዲመርጥ አትተዪው። አንዲት ትንሽ ነጥብ አድርጊና ጫጩቱ ዓይን ላይ አሳርፊ። ፊቱ ጥቁርና ነጭ መስመር ስላለው ካሜራው ቶሎ ይይዘዋል። ሁለቱም ጥርት እንዲሉ ከፈለግሽ ወላጁ በጎኑ እስኪዞርልሽ ጠብቂና ኤፍ 8 (ጠበብ ያለ የሌንስ ቀዳዳ) ላይ አንሺ። ፊት ለፊት ሲመጣ አንዱ መደብዘዙ አይቀርም።

ወፍ አባት፦ እህቴ፣ መታዘሉ ላይ ፍጠኚ፤ ከጀርባ የማይወርደው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ነው። እናትና አባት መልካቸው አንድ ስለሆነ ማን እንዳዘለው ለመለየት አትድከሚ፣ ሁለቱም ያዝላሉ። ወላጁ ከገላው ላባ ሲነቅል ካየሽ ጣትሽን ቁልፉ ላይ አድርጊ፣ ለጫጩቱ ሊያጎርሰው ነው! ላባው ሆዱ ውስጥ ካልተፈጨው የዓሣ አጥንት ጋር ይጠቀለልና በኋላ ይተፋዋል። እኔ ከዓሣው ይልቅ ይሄን ፎቶ እመርጣለሁ። ደግሞ ወላጁ አንገቱን ቀጥ አድርጎ አቁሞ አንቺን ማየት ከጀመረ ቀርበሻል ማለት ነው፤ ቀስ ብለሽ ወደኋላ በዪ። ጎጆው አጠገብ ድርሽ እንዳትዪ፣ ድሮንም አይታሰብ።

ጀማሪዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! የላባውን ነገር ጭራሽ አልሰማሁም ነበር። እድገቱ እንዲታይ በየቀኑ መሄድ አለብኝ?

ሸምበቆ ውስጥ፦ በየቀኑ ምን ያደርግልሻል፣ በየሦስት አራት ቀኑ ይበቃል። ግን ከዚያው ቦታ፣ በዚያው 400 አንሺ፣ በየጊዜውም ወላጁ አጠገብ ሆኖ ሙሉ ገላው የሚታይበት አንድ ፎቶ ይኑርሽ። አለበለዚያ ምን ያህል እንዳደገ ማወዳደሪያ ታጫለሽ። መብረር እስኪጀምር ወደ 10 ሳምንት ስለሚፈጅ ጊዜ አለሽ።

ጭቃ አይፈሬ፦ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው የፎቶ ፋይል) ላይ ማንሳትም አትርሺ፤ ነጩ ላይ ብርሃን ትንሽ ቢበዛብሽ እንኳ በኋላ ይመለስልሻል።